ድምፁ ሞልቷል፣ የጎደለው እጅ ነው

አንድ የተላገ ጣውላ፣ በላዩ የተለጠፈ ግማሽ ሜትር ጥብጣብ፣ ጥቂት ባለ ስምንት እግር ቺፖች፣ እፍኝ የማይሞሉ ሬዚስተሮችና አንድ የኬብል መሰኪያ። ለማያውቀው ሰው ከተሰበረ መጫወቻ የተረፈ ስብርባሪ ይመስላል። ኬብሉ ብዙ ሺህ ዶላር ከወጣበት ሞዱላር ሲንተሳይዘር ጋር ሲገናኝ ግን፣ ግድግዳ የሚያክለው ማሽን በሙሉ ትእዛዝ የሚጠብቀው ከዚያ ጣውላ ነው። ጣት ጥብጣቡን ሲነካ ድምፅ ይወጣል፤ ጣት ሲንሸራተት ድምፁ አብሮት ይንሸራተታል፤ ጣት ሲርገበገብ ድምፁም ይርገበገባል።

እንዲህ ያለ መቆጣጠሪያ በቤቱ የሚሠራውን ሰው አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ስም አውጥቶለታል፤ ባለእጅ ይለዋል። ቃሉ ለክብር የተሰጠ አልነበረም። አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ባለእጅ እየተባሉ ከማኅበሩ ሲገለሉ ኖረዋል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለመነጋገር ግን ከዚህ የተሻለ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ሙዚቃ ድምፅ አላጣም፤ ማሽን አላጣም፤ ያጣው እጅን ነው።

በየቤቱ የሚሠራው መቆጣጠሪያ ከሩቅ ሲታይ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ከስልሳ ዓመት በፊት ተንጠልጥሎ የቀረ ጥያቄ እንደገና መከፈቱ ነው። ማሽን ማንኛውንም ድምፅ ማውጣት ከቻለ፣ የሰው እጅ በየት በኩል ይግባ? ገበያው ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጠና ዘጋው። ባለእጆቹ እንደገና የከፈቱት ገበያው ሊሞላው የማይመቸው ክፍተት ስላለ ነው።

ቮልቴጅ ከየት መጣህ አይባልም

የሞዱላር ሲንተሳይዘር ምሥጢር ቀላል ነው። ድምፅ የሚያመነጨው ኦሲሌተር፣ ድምፁን የሚያጣራው ፊልተር፣ መጠኑን የሚወስነው ማጉያ ራሳቸውን ችለው በየፓነላቸው የተቀመጡ ክፍሎች ናቸው። የሚነጋገሩት በኬብል በሚሄድ ቮልቴጅ ነው። ወደ ኦሲሌተሩ የሚገባው ቮልቴጅ በ1 ቮልት ሲጨምር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ ያስለመደው ይህ ልክ ዛሬም የአብዛኞቹ ማሽኖች መግባቢያ ነው። ኦክታቩ ለአሥራ ሁለት ግማሽ ድምፆች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 83.3 ሚሊቮልት ይደርሰዋል። የካሊፎርኒያው ዶን ቡክላ በበኩሉ 200 በተባለው የማሽን ቤተሰቡ ለአንድ ኦክታቭ 1.2 ቮልት መደበ፤ እንዲህ ሲሆን ግማሽ ድምፁ ልክ 0.1 ቮልት ይሆንለታል።

ከዚህ ትልቅ ነገር ይከተላል። ማሽኑ ቮልቴጁን ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ከኪቦርድ ይምጣ፣ ከሌላ ኦሲሌተር ይምጣ፣ ከብርሃን መለኪያ ይምጣ፣ ወይም ከአሮጌ ሬዲዮ ተነቅሎ ከመጣ የቮልዩም መቆጣጠሪያ፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። የይለፍ ቃል የለም፤ የአምራች ፈቃድ የለም፤ የሚጫን ፕሮግራም የለም። ሬዲዮ መጠገን የሚችል ሰው ሁሉ ለዚህ ማሽን መቆጣጠሪያ ሊሠራለት ይችላል። ለዚህም ነው የአናሎግ መቆጣጠሪያ ጉዳይ ከፋብሪካ ወጥቶ በቀላሉ ወደ ወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚገባው።

ከቁልፉ በፊት

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከኪቦርድ ጀምሮ ነው። እውነቱ ግን ከመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ጥቂት የማይባሉት የተወለዱት ከእጅ እንቅስቃሴ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1920 ገደማ በሩሲያ ሌቭ ቴርሜን የሠራው ቴረሚን ጨርሶ አይነካም፤ አንዱ እጅ ወደ ቀጥ ያለው አንቴና ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሌላው እጅ ወደ ቀለበቱ አንቴና ሲወርድ ድምፁ ይቀንሳል። በ1928 በፓሪስ የቀረበው የሞሪስ ማርተኖ መሣሪያ ተጫዋቹ ጣቱ ላይ ባጠለቀው ቀለበት ጥብጣብ እየሳበ ድምፁን ያንሸራትታል፤ ግራ እጁ ደግሞ በአንዲት ተጫኝ ቁልፍ እያንዳንዱን ድምፅ ያሳድጋል፣ ያከስማል።

ለዛሬው ጥብጣብ የቅርብ አባት የሚሆነው ግን በ1930 በበርሊን ፍሪድሪሕ ትራውትቫይን ያስተዋወቀው ትራውቶኒየም ነው። ቁልፍ የለውም። በብረት ሐዲድ ላይ የተወጠረ የሬዚስታንስ ሽቦ አለው፤ ጣት ሽቦውን ሐዲዱ ላይ ሲጫን፣ የተጫነበት ቦታ የድምፁን ከፍታ ይወስናል። ከሽቦው በላይ ቆዳ የለበሱ ትንንሽ ምላሶች ተደርድረው ድምፆቹ የሚገኙበትን ቦታ ለጣት ያመላክታሉ። ካናዳዊው ሂዩ ለ ኬይን ደግሞ ከ1945 እስከ 1948 የሠራው ኤሌክትሮኒክ ሳክበት ቁልፍ ቢኖረውም ቁልፎቹ ግፊትን ያውቃሉ፤ ጠበቅ ሲያደርጓቸው ድምፁ ይጎላል፣ ወደ ጎን ሲገፏቸው ከፍታው ይታጠፋል። ሥራውን የጀመረው በራሱ ቤት ነበር።

ሙግም ቢሆን የመጣው ከዚያው መንደር ነው። በልጅነቱ ቴረሚን ይገጣጥም ነበር፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያም የቴረሚን መገጣጠሚያ ዕቃዎችን ይሸጥ ነበር። ሲንተሳይዘርን የወለደችው አንቴና ፊት የቆመች እጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ ያች እጅ የት ገባች?

መንታው መንገድ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ ወደ አንድ ነገር ይሄዱ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ የቴፕ ሙዚቃ ማዕከል ሞርተን ሱቦትኒክና ራሞን ሴንደር ቴፕ እየቆረጡ መቀጣጠል ሰልችቷቸው፣ ከሮክፌለር ፋውንዴሽን በተገኘ ገንዘብ 500 ዶላር ከፍለው ቡክላን አንድ አዲስ መሣሪያ እንዲሠራላቸው አዘዙት። በምሥራቁ ጠረፍ በኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ ሙግ ከአቀናባሪው ኸርበርት ዶይች ጋር በ1964 የመጀመሪያውን ሞዴል ሠራ። ሁለቱም ድምፅን በቮልቴጅ መቆጣጠር ቻሉ። የተለያዩት እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ዶይች ኪቦርድ ይኑረው አለ፤ ሙግም ተስማማ። ቡክላ እምቢ አለ። ጥቁርና ነጭ ቁልፍ እጅን ወደ አሮጌው ሙዚቃ ይጎትታል ብሎ ስላመነ፣ በምትኩ በጣት የሚነኩ የብረት ገጾች አኖረ። ሱቦትኒክ በ1967 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የተሠራው በዚያ ማሽን ነው።

ውድድሩን የወሰነው በቀጣዩ ዓመት የወጣው የዌንዲ ካርሎስ የባኽ ሸክላ ነበር። በሙግ ማሽን የተሠራው ይህ ሸክላ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሲንተሳይዘር ማለት ባለ ቁልፍ ዕቃ ነው የሚለው አስተሳሰብም አብሮት ተሸጠ። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፒያኖ የተማረ ሰው ሁሉ ነገውኑ ሊጫወተው ይችላል፤ ሻጩ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሙዚቀኛው ጣቱን እንደ አዲስ አያስተምርም። በ1970 የመጣው ሚኒሙግ ኬብሎቹን ከሣጥኑ ውስጥ ቀበራቸውና ቁልፎቹን ከፊት አስቀመጠ።

ኪሳራው ግን ወዲያው ታወቀ። የሚኒሙግ ቁልፍ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ በኃይል ተመታ በቀስታ፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። በስተግራ ሁለት ትንንሽ መሽከርከሪያዎች የተጨመሩት ለዚህ ነው፤ አንዷ ድምፁን ታጥፋለች፣ ሌላዋ ታርገበግባለች። ከእጅ ለተወሰደው ሁሉ የተከፈሉ ካሣ ናቸው። በ1983 የመጣው ሚዲ መሣሪያዎችን በአንድ ቋንቋ አግባባ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ተራው የሚዲ መቆጣጠሪያ መልእክት 128 ደረጃዎች ብቻ አሉት። አምስት ኦክታቭ የሚሸፍን መንሸራተት በእነዚህ ደረጃዎች ቢላክ እያንዳንዱ ደረጃ የግማሽ ድምፅን ግማሽ ያህል ይዘላል። ሚዲ ለከፍታ መታጠፊያ የተለየ፣ ከ16,000 በላይ ደረጃ ያለው መልእክት አለው፤ እሱ ግን የታሰበው ለያዙት ድምፅ ማስዋቢያ ነው፤ መነሻው አሁንም ቁልፍ ነው።

ሣጥኑ እጅን ለምን አላስገባም?

በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር ዛሬ ዩሮራክ የሚባለውን ልክ አስተዋወቀ፦ 128.5 ሚሊ ሜትር የፓነል ቁመት፣ በ5.08 ሚሊ ሜትር ክፍል የሚቆጠር ወርድ፣ የ3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ፣ ከ+12 እና ከ−12 ቮልት የሚመጣ ኃይል። ልኩን ሌሎች አምራቾች በነፃ ተቀበሉት፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ግለሰቦችም ሞጁል ማውጣት ጀመሩ። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው የሞጁል ዓይነት በብዙ ሺህ ይቆጠራል።

አብዛኞቹ ግን ድምፅ የሚያመነጩ ወይም ድምፅ የሚለውጡ ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም፤ ልኩ ራሱ ያመጣው ውጤት ነው። በዩሮራክ ሣጥን ውስጥ ወርድ ገንዘብ ነው። ገዢው በሣጥኑ የቀረውን ቦታ እየቆጠረ ይገዛል፤ ሠሪው ብዙ ሥራ በጠባብ ፓነል ለማጨቅ ይሽቀዳደማል። የአዋቂ ሰው መዳፍ ደግሞ ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ እጅ አርፎ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ብቻ 16 ያህል ክፍል ይበላል። ግማሽ ሜትር ጥብጣብማ በአግድም ቢተኛ ብዙ ሣጥኖችን ከዳር እስከ ዳር ይወስዳል። ስለዚህ ድምፅ አመንጪው እየጠበበ ገባ፤ እጅ በር ላይ ቀረ።

ሌላም ምክንያት አለ። እጅ እንደ ጫማ ነው፤ ቁጥሩ ይለያያል። አንዱ ሰፊ መንሸራተት ይወዳል፣ ሌላው በአንድ ቦታ ጠንከር ያለ ጫና ይፈልጋል፣ አንዱ ግራኝ ነው። ፋብሪካ ደግሞ ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ ይወዳል። በዚያ ላይ አዲስ መቆጣጠሪያ የወራት ልምምድ ይጠይቃል፤ አዲስ ፊልተር ግን በተሰካበት ምሽት ያስደስታል። ገበያ ፈጥኖ የሚያስደስተውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። የመንኪያ ገጽ፣ ጆይስቲክና ጥብጣብ የሚሸጡ አምራቾች የሉም ማለት አይደለም፤ አሉ፣ ጥሩዎችም ናቸው። ከድምፅ አመንጪው ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የተሠሩትም ለማይታወቅ አማካይ እጅ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጣውላው ላይ

እስቲ ወደ ጣውላው እንመለስ። የመቆጣጠሪያው ችግሮች ሁሉ የሚታዩት እዚያ ነው፤ እያንዳንዳቸውም በቁጥር የሚገለጹ የሙዚቃ ችግሮች ናቸው።

ጥብጣቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ኪሎኦም ያህል ሬዚስታንስ ያለው ንጣፍ ነው። በአንዱ ጫፍ 5 ቮልት፣ በሌላው 0 ይሰጠዋል። ከላይ ያለው አስተላላፊ ሽፋን በጣት ሲጫን ንጣፉን ይነካና የዚያን ነጥብ ቮልቴጅ ይዞ ይወጣል፤ መሐሉ ላይ 2.5፣ ሩቡ ላይ 1.25። የሬዲዮ ቮልዩም ክብነቱ ተፈትቶ ቀጥ ብሎ ሲተኛ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ የሙዚቃ እንጂ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ ግማሽ ሜትሩ ስንት ኦክታቭ ይሸፍን? አምስት ከሆነ ለአንድ ኦክታቭ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ለግማሽ ድምፅ 8.3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከጣት ጫፍ ያነሰ ነው። የግማሽ ድምፅን መቶኛ፣ ሙዚቀኞች ሴንት የሚሉትን፣ በዚህ ላይ ማስተካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በታች የሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁለት ኦክታቭ ብቻ ከሆነ ግን ለግማሽ ድምፅ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ይገኛል፤ ጣት መተንፈሻ ያገኛል፣ ማርገብገብም ይቻላል። ጀማሪ ሁሉ አምስቱን ይመርጣል፤ ሁለት ሳምንት የተጫወተበት ሁሉ ወደ ሁለቱ ይመለሳል። እዚህ ላይ ጥብጣብ ከክር ይለያል። በክር ላይ የመጀመሪያው ኦክታቭ የክሩን ግማሽ ይወስዳል፣ ቀጣዩ የቀረውን ግማሽ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ድምፆቹ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። በጥብጣቡ ላይ ግን እያንዳንዱ ኦክታቭ እኩል ርቀት አለው። ከክር መሣሪያ የመጣ እጅ ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ጭነት ነው። ጥብጣቡ በቀጥታ ከሲንተሳይዘሩ ጋር ቢያያዝ፣ የአብዛኛው ሞጁል መግቢያ 100 ኪሎኦም አካባቢ ስለሆነ ከጥብጣቡ ትንሽ ትንሽ ይጠጣበታል። ሁለቱ ጫፎች ልካቸውን ይጠብቃሉ፤ መሐሉ ግን 61 ሚሊቮልት ያህል ይሰምጣል። ይህ ሰባ ሦስት ሴንት ነው፤ የግማሽ ድምፅን ሦስት አራተኛ ስቶ መዝፈን ማለት ነው። ተጫዋቹ ጆሮውን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን የጆሮው አይደለም። መድኃኒቱ በመካከል የሚቆም ኦፕአምፕ ነው። ቲኤል072 የተባለው ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ቺፕ ከጥብጣቡ ምንም ያህል ሳይጠጣ ያየውን ቮልቴጅ ደግሞ ያቀብላል።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉ ይከብዳል፤ ጣት ሲነሳ ምን ይሁን? ሽፋኑ ከንጣፉ ሲለቅ ቮልቴጁ ባለቤት አልባ ይሆናል፤ ድምፁም ወደ ታች ይወድቃል ወይም ይዘባርቃል። ስለዚህ ጣት ከመነሳቱ በፊት የነበረው ቮልቴጅ በአንዲት ካፓሲተር መያዝ አለበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ካፓሲተር ግን ሞኝም ወረቀትም አይደለችም፣ ቀስ እያለች ታፈሳለች። ካፓሲተሯ 10 ናኖፋራድ ከሆነች የቺፑ ጥቃቅን ፍሰት ብቻውን በየሰከንዱ ወደ ስምንት ሴንት ያህል ያንሸራትታታል፤ 100 ናኖፋራድ ብትሆን ከአንድ ሴንት በታች ይወርዳል። የቦርዱ ቆሻሻ፣ በሶልደር ጊዜ የቀረ ቅባት፣ የእጅ ላብ በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ቦርዱን በአልኮል ማጠብ የሙዚቃ ሥራ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መያዝ ብቻም አይበቃም፤ መቼ መያዝ እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል። ጣት በሚለቅባቸው ጥቂት ሚሊሰከንዶች ቮልቴጁ መውደቅ ይጀምራል። መያዣው ከዘገየ የሚይዘው ትክክለኛውን ድምፅ ሳይሆን የውድቀቱን ጅራት ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ መጨረሻው ላይ ቁልቁል ይንቀጠቀጣል። ብልሃቱ መንገዱን ሁለት ማድረግ ነው። ጣት ተነሳ የሚለው ምልክት በፈጣኑ መንገድ ይሮጣል፤ የከፍታው ቮልቴጅ ሆን ተብሎ በጥቂት ሚሊሰከንድ እንዲዘገይ ይደረጋል። ውድቀቱ ደጁ ላይ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

አራተኛው መውጫው ላይ ያለች ትንሽ ወጥመድ ናት። መሰኪያው በስህተት ከሌላ መውጫ ጋር ቢገናኝ ቺፑ እንዳይቃጠል 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ይገባል። በ100 ኪሎኦም መግቢያ ፊት ይህ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል። አንድ በመቶ ምን አላት ያሰኛል፤ 5 ቮልት ላይ ግን ስልሳ ሴንት አካባቢ ነው። በአንዱ ኬብል ሁለት ኦሲሌተር ሲነዳ ስህተቱ ከግማሽ ድምፅ ያልፋል። ሬዚስተሩን በኦፕአምፑ የመልስ ዑደት ውስጥ ማስገባት ይፈታዋል፤ ቺፑ የጠፋውን እያየ ይሞላዋል። ኃይሉ ደግሞ ከሲንተሳይዘሩ ሣጥን ይምጣ፤ ጣት የሚያርፍበት ዕቃ በቀጥታ ከግድግዳ መብራት ጋር አይተዋወቅ።

እነዚህን ችግሮች በተራ የፈታ ሰው ከኤሌክትሮኒክስ በላይ የሆነ ነገር ያገኛል። ድምፁ ለምን እንደሚስት፣ በስንት ሴንት እንደሚስት፣ ጣቱ ከስህተቱ ምን ያህሉን እንደሚሸከም ያውቃል። ክራር ለራሱ የሚወጥር ሰው የሚያውቀው ዓይነት እውቀት ነው።

በዲጂታል ቢሠራስ?

ተቃዋሚው እዚህ ላይ ይነሳል። ዛሬ ከጥቂት ዶላር በማይበልጥ ማይክሮኮንትሮለር ይህ ሁሉ በፕሮግራም ይሠራል፤ ካፓሲተር አያፈስም፣ ጅራትም ተቆርጦ ይጣላል። ክርክሩ ትክክል ነው። 4,096 ደረጃ ያለው ተራ መለኪያ 5 ቮልትን ሲከፍል እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሴንት ተኩል ያህል ነው፤ ይህ ለብዙ ጆሮ በቂ ነው። የዲጂታል መሰላል ይሰማል የሚለው የድሮ ወቀሳ በጥሩ ዲዛይን ፊት አይቆምም።

አናሎግን የሚያስመርጠው ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራም እጅ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይወስናል፤ ከዚህ በታች ያለው ንክኪ ስህተት ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ይቆረጥ ይላል። አናሎግ መንገድ ግን ያልታሰበውንም ያሳልፋል። ሁለት ጣት አንድ ላይ ሲያርፍ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ድምፅ ይወጣል፤ ላብ ያለው ጣት ከደረቀው ይለያል። ስታይም በተባለው የአምስተርዳም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል የተሠራው የሚሼል ቫይስቪዝ ክራክል ቦክስ በ1970ዎቹ ይህንኑ ሥርዓት አደረገው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ጣት የብረት ነጥቦቹን ሲነካ የሰውየው ቆዳ ራሱ የኤሌክትሪክ ዑደቱ አካል ይሆናል፤ ድምፁ በዚያ ይወለዳል። እዚያ ውስጥ ሰውና ማሽን የሚለያዩበትን መስመር ማንም ሊያሳይ አይችልም።

ሌላው ጥገና ነው። ዛሬ ስድስት ሬዚስተርና ሁለት ቺፕ ያሉት ቦርድ ከሃያ ዓመት በኋላም በመልቲሜትር ይነበባል። ፕሮግራሙ የጠፋበት ማይክሮኮንትሮለር ግን ቁልፉ እንደጠፋበት ሣጥን ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ መሥራት ነውር የለበትም፤ ነውሩ እጅ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ማንም ሳይጫወተው አስቀድሞ መከልከል ነው።

ማሲንቆና ቁልፍ

ይህ ክርክር ከካሊፎርኒያና ከጀርመን ቢጀምርም ለአማርኛ ሙዚቃ ጆሮ ባዕድ አይደለም። ማሲንቆ አንድ ክር ነው። የአዝማሪው ጣቶች ክሩን አንገቱ ላይ ሳይጫኑ ከጎን ይነኩታል፤ በሁለት ድምፅ መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ክፍት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ በዚያ ክፍት ቦታ ላይ የጣት ልማድ ናቸው። አንቺሆዬ በተለይ በፒያኖ አከፋፈል ላይ ሲቀመጥ አይመቸውም። ከ1980ዎቹ ወዲህ የነሐስ መሣሪያዎች ባንድ እየሳሳ ኪቦርድ ቦታውን ሲይዝ፣ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሰርግ ሲያደምቅ፣ ቅኝቱ ቁልፉ በፈቀደለት ልክ ተቀመጠ። ጥፋቱ የኪቦርድ ተጫዋቾቹ አይደለም፤ ብዙዎቹ በመሽከርከሪያዋ ያንን ክፍት ቦታ ለመመለስ ሲታገሉ ይሰማሉ።

ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን የሠራው ሸሞንሟናዬ የተሰኘ አልበም በዚህ ዓይን ቢደመጥ ሌላ ነገር ይናገራል። አኮርዲዮን፣ ሙግ፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ያማሃ ዲኤክስ7 ጎን ለጎን አሉበት። አኮርዲዮንም ቁልፍ አለው፤ ነገር ግን ድምፁን የሚያሳድገውና የሚያከስመው ወናፉን የሚገፋው ክንድ ነው። ከሁሉም መሣሪያዎች መካከል ሙሉ ክንድ የገባበት እሱ ብቻ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም ባልደረባ በነበረበት ጊዜ ባህላዊ መሣሪያዎችን በማዘመን ላይ ሠርቷል። እሱ የሄደው ከመሣሪያው ወደ ዘመኑ ነው፤ የጥብጣብ ሠሪው ከማሽኑ ወደ እጅ ይመጣል። መንገዱ አንድ ነው፣ አቅጣጫው ይለያያል። በጣውላው ላይ የፒያኖን አሥራ ሁለት ምልክት ማስፈር ግዴታ አይደለም። አምስት ምልክት፣ በአምባሰል ልክ፣ በጆሮ ተፈልጎ በቢላ ጫፍ ሊጫር ይችላል። ማሽኑ ከየት መጣህ አይልም።

መበየጃው መቼ ይቀመጥ?

ለባለእጆቹ ውዳሴ ብቻ መጻፍ ግን ልክ አይሆንም። በቤት የሚሠሩት መቆጣጠሪያዎች ትልቁ ጠላት ፋብሪካ አይደለም፤ ሠሪው ራሱ ነው። ጥብጣቡ ሲሠራ ግፊት መለኪያ ይጨመርበት ይላል፤ ግፊቱ ሲሠራ ሳጥኑ ይቀየር ይላል። መሣሪያው በየወሩ ስለሚለወጥ ጣት ምንም ነገር አይለምድም። ገበያው እጅን ያስወጣው አዲስ ነገር በመውደድ ነበር፤ ባለእጁም በዚያው በር ሊወጣ ይችላል።

ለዚህ የበርሊኑ ኦስካር ዛላ መልስ ይሆናል። በ1910 የተወለደው ዛላ ትራውቶኒየምን ገና በወጣትነቱ ተገናኘው። መሣሪያውን ለማሻሻል ሲል ፊዚክስ ተማረ፤ የኤሌክትሪክ ዑደቱን ደግሞ ደጋግሞ ሠራው፤ በ1963 የወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ ወፎቹ ፊልም ላይ የሚያስፈራው የወፍ ጩኸት የእሱ ሥራ ነው። ማሽኑን ብዙ ጊዜ ለወጠው። ጣቱ የሚያርፍበትን ሽቦና ሐዲዱን ግን አልተወም፤ በ2002 እስኪሞት ድረስ ሰባ ዓመት ያህል ተጫወተበት። ከጀርባ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ያርጅ፣ ይታደስ፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ግን ይጽና።

ባለእጅ የሚለው ቃል ሠሪንና ተጫዋችን አይለይም፤ እጅ ያለውን ሁሉ ይጠራል። የአንድ መቆጣጠሪያ ሥራ ማለቁን የሚያሳውቀው ዲያግራሙ አይደለም። አውራ ጣት የሚደገፍበት የጣውላው ጠርዝ፣ የብዙ ዘመን ማሲንቆ አንገት እንደሚሆነው፣ ጠቁሮ መወልወል ሲጀምር ያን ጊዜ አልቋል።